ቀለሙ ሳይደርቅ የሚፈረም ውል

ጎንደር ውስጥ አንድ ቤት ለሽያጭ ሲዘጋጅ ቀድሞ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። መሐንዲስ እምብዛም አይጠራም፤ ግንበኛ ቢመጣም ስንጥቁን እንዲደፍን እንጂ ስንጥቁ ከምን እንደመጣ እንዲመረምር አይደለም። ግድግዳው ይለሰናል፣ ኮርኒሱ ይቀየራል፣ በርና መስኮቱ ዘይት ቀለም ይቀባል፣ ግቢው ይጠረጋል። ከጥምቀት በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ መሬቱ በደረቀበት ወራት፣ ደላላው ገዢ አስከትሎ ይመጣል። ገዢው ብዙ ጊዜ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ቤት የሚገዛ ሰው ነው፤ ዕቁብ እየጣለ የቆጠበ መምህር፣ እህቱ ከአረብ አገር የላከችለትን ያጠራቀመ ነጋዴ፣ ከኪራይ ቤት ለመውጣት የቸኮሉ ባልና ሚስት። ቀብድ ይከፈላል፣ ውል ይፈረማል፣ ዘመድ ወዳጅ ተጠርቶ ቤቱ ይመረቃል። ሰኔ ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል። ሐምሌ ላይ የተደፈነው ስንጥቅ በዚያው መስመር ይመለሳል። ነሐሴ ላይ የአንዱ ክፍል ወለል ይሰምጣል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ለወዳጆቹ ሲያወራ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ቤት ዕድል ነው» ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ሰው የዕድሜውን ጥሪት አፍስሶ የገዛው ቤት ከነጉዳቱ የሚደርሰው ዕድሉ ስለጠመመ አይደለም። ቤት የምናይበት ወቅት፣ ውል የምንጽፍበት መንገድና ዋጋ የምንደብቅበት ልማድ ተደማምረው ሻጩ ዝም እንዲል ስለሚያመቹት ነው። ሕጉ ገዢውን አልረሳውም። ገዢው ግን ሕጉ የሰጠውን መከላከያ ገና ውሉን ሲፈርም በገዛ እጁ አሳልፎ ይሰጣል።

ከመሬቱ ልጀምር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸውን የቆረቆሩት በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጠው ከፍታ ላይ ነው። ከተማዋ ባለፉት አሥርት ዓመታት የሰፋችው ግን በአብዛኛው ወደ ደቡብ፣ በማራኪ በኩል ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ብዙ ቦታ ላይ ያለው አፈር ዋልካ ነው። ገበሬው ዋልካን ያውቀዋል፤ በክረምት እግር ይዞ የሚያስቀር፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤት ሲሠራበት ነገሩ እንዲህ ይሆናል፤ ክረምት ሲገባ ከቤቱ ሥር ያለው አፈር ገና ደረቅ ሳለ በዙሪያው ያለው ቀድሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣል። በበጋ ደግሞ ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና ማዕዘኖቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል። መሠረቱ ጽኑ አፈር እስኪያገኝ ካልወረደ፣ ወይም ዋልካው ወጥቶ በተመረጠ አፈር ካልተተካ፣ ግድግዳው ከመሬቱ ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮም ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ቤት በየትኛውም ወቅት ቢታይ ምልክት አያጣም፤ የሚፈልገው ዓይን ነው እንጂ። ስንጥቁ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ አግድም ሳይሆን በሰያፍ ይሄዳል። የተደፈነ ከሆነ በጎን በኩል በሚገባ ብርሃን ሲታይ አዲሱ ልስን ከአሮጌው በቀጭን መስመር ይለያል፤ ስለዚህ ቤትን በቀትር ከማየት ማለዳ ወይም ከሰዓት በኋላ ማየት ይሻላል። ከሁሉ የሚታመነው ምስክር በሩ ነው። ግድግዳው ሲነሣና ሲወርድ የበሩ መቃን ከአራት ማዕዘንነቱ ይጣመምና በሩ በክረምት አልዘጋ ይላል፤ ባለቤቱ አናጢ ጠርቶ ያስልገዋል። ቀለም የተላገውን ጠርዝ ይሸፍነዋል፤ ቀጥ ያለ አያደርገውም። በሩን ዘግቶ ከላይ ያለው ክፍተት በአንድ ወገን ጠቦ በሌላው ወገን ሰፍቶ እንደሆነ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከአራት ክፍል የአንዱ ብቻ ሴራሚክ አዲስ ከሆነ፣ ለምን ተቀየረ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ለማየት መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ነውር የሚመስለን የሰው ቤት ገብተን ዕቃ ስለምናነሣ ነው። ከፍሎ ለሚገባበት ሰው ግን ያ ቤት ነገ የራሱ ነው።

ነባሮቹ ሰፈሮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። የጎንደር የቀድሞ ቤቶች ከሹማምንቱ ግንብ በስተቀር አብዛኞቹ የጭቃ ቤቶች ናቸው። የጭቃ ቤት መጥፎ ቤት አይደለም። ቋሚው ተተክሎ፣ ማገሩ ታስሮ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲመረግ የሚወጣው ግድግዳ በብርድ ይሞቃል፣ በሙቀት ይቀዘቅዛል። ጠባዩ ግን ያዥ ይፈልጋል። ክረምቱ ሲያበቃ፣ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ፣ እናቶች የተላጠውን ይመርጉታል፤ ግድግዳው በየዓመቱ ጉዳቱን ያሳያል፣ በየዓመቱም ይጠገናል። ቤቱን ዘመናዊ ለማስመሰል ወይም ዋጋ ለማስጨመር በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ግርፍ ሲደረግ ይህ ሁሉ ይቆማል። ሲሚንቶ እንደ ጭቃው አያብጥም፣ አይኮማተርም፤ ስለዚህ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚያግደው ያው ሲሚንቶ ነው። እርጥብ ሰውነት ላይ ላስቲክ እንደ መልበስ ነው። ከዓመታት በኋላ ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ በስብሶ ወይም ምስጥ በልቶት ያልቃል፤ ግርፉ ግን ከውጭ ነጭ ሆኖ ቆሞ ይታያል። ገዢው የሚከፍለው ለዚህ ልባጭ ነው።

ይህን የሚያውቅ ግንበኛ እንዴት እንደሚመረምር ማየት ለገዢ ትልቅ ትምህርት ነው። በጣቱ መገጣጠሚያ ግድግዳውን ከወገብ ከፍታ ጀምሮ ወደ ታች እያንኳኳ ይወርዳል። ደህና በሆነበት ቦታ ድምፁ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ልስኑ ከጭቃው በተላቀቀበት ቦታ ድምፁ ባዶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ባዶው የሚጀምረው ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ ከውጭ ይወጣና ከቋሚዎቹ እግር ሥር አፈሩን በትንሽ ብረት ጫር አድርጎ ብረቱን ወደ እንጨቱ ይገፋል። ጤነኛ ባሕር ዛፍ ይመልሰዋል። የበሰበሰው ያስገባዋል። ይህ ሁሉ ለግማሽ ቀን የግንበኛ አበል ከመክፈል የበለጠ ወጪ የለውም።

ጎንደር ይህን ትምህርት በራሷ ግንቦች ላይ አይታዋለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች ሲጠገኑ ሲሚንቶና ኮንክሪት ገባባቸው። ግንቦቹ የተሠሩት በኖራ ነው፤ ኖራ ከድንጋዩ ጋር አብሮ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። ሲሚንቶው ለጊዜው ጠንካራ ጥገና መስሎ ቢታይም ለነባሩ ግንብ የማይስማማ ሆነና፣ በኋላ የመጡት የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ያን እያነሡ ወደ ኖራው መመለስ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቤተ መንግሥት ከቀድሞ ያዦቹ የተረከበውን የተሳሳተ ጥገና የሚያርምለት መንግሥትና ዓለም አቀፍ ድርጅት አገኘ። በደመወዙ ቤት የገዛ ሰው ግን ያለፈው ባለቤት የለሰነለትን ሲሚንቶ የሚያነሣው በራሱ ኪስ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ቦታ በጠበበበት ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ ሌላ ይቆፈራል፤ የሞላው አፈር ይለብሳል። ዓመታት ሲያልፉ ቦታው ይረሳል፤ ወይም ይረሳል ተብሎ ይታሰባል። ልጅ ሲያገባ ወይም ኪራይ ሲፈለግ በዚያው ላይ ሰርቪስ ቤት ይሠራል። የጉድጓዱ ሽፋን እንጨት ከሆነ በስብሶ አንድ ክረምት ላይ ይሰምጣል። የቤቱ ወለል መስመጥ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ይህን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸው። በአንድ ሰፈር ሠላሳ ዓመት የኖሩ እማማ የማን ጉድጓድ የት እንደነበር፣ የትኛው ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደፈረሰ፣ ጎርፉ በየትኛው ዓመት በየት በኩል እንደገባ ያውቃሉ። ገዢው ግን ከደላላው ጋር መጥቶ ከደላላው ጋር ይሄዳል። ከጎረቤት ጋር የሚተዋወቀው ቤቱን ካስመረቀ በኋላ፣ ቡና ሲጠራ ነው። ያን ጊዜ «እኛማ ትጠይቀናለህ ብለን ነው እንጂ» ይሉታል። ያ ቡና መጠጣት የነበረበት ከቀብዱ በፊት ነው።

በነባር ሰፈሮች ላይ የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የተወው ጠባሳም አለ። ያ አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ አንድ የነበረው ግቢ ተከፈለ፤ ባለቤቱ በአንዱ ቤት ሲቀር ሌላው የቀበሌ ቤት ሆነ። ግድግዳው የጋራ፣ በሩ የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ሆኖ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ። ዛሬ ከእንዲህ ያለው ግቢ ቤት የሚገዛ ሰው ካርታው ላይ የራሱን ድርሻ ያያል፤ ሽንት ቤቱ በቀበሌው ድርሻ ላይ እንደቆመ ግን ካርታው አይነግረውም። ማስጠገን ቢፈልግ ያለ ቀበሌው ፈቃድ አይነካውም፤ በራሱ ድርሻ እንዳይቆፍር ቦታ የለውም።

ስለ ውሃ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጎንደር ውስጥ ውሃ በተራ እንደሚመጣ፣ ተራው እንደሚርቅ የማያውቅ የለም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማዋ እየሰፋች ነው የኖረችው። ሻጩ ቤቱን የሚያሳየው ውሃ በመጣበት ቀን ከሆነ ቧንቧው ፏ ብሎ ይወርዳል። ጣሪያ በክረምት እንደሚፈተን ሁሉ ቧንቧ በበጋ ይፈተናል፤ ለዚህ ብቻ የበጋው ወቅት ለገዢ ይጠቅመዋል። ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ከመጠየቅ ባለፈው ወር ስንት ቀን እንደሞላ መጠየቅ ይበልጣል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያስገባ በር የሆነች ከተማ ናት። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል የአሁኑ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆነች፤ ሠራተኛና ነጋዴ ቤት የሚፈልግባት ከተማም ሆነች። በደጋ ትልቁ ጠላት በረዶና ቁር ነው። ቀድሞ በሣር የተከደነ የነበረ ቤት አናቱ ብቻ ተነሥቶ በቆርቆሮ ሲከደን፣ ለሣር ተብሎ የቆመው እንጨት ለቆርቆሮ የሚስማማ አይደለም። ምስማሩ በቀንና በሌሊት የሙቀት ልዩነት እየላላ ቀዳዳው ይሰፋል። ሻጩ በካትራሜ ይደፍነዋል። ካትራሜ ቁር ሲመታው ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ያልፍበታል። ኮርኒሱ ውስጥ ባትሪ ይዞ አንገት ማስገባት፣ ወይም በቀትር ኮርኒሱን አስከፍቶ የብርሃን ነጥብ መፈለግ ብቻውን ይበቃል። በተዳፋት ላይ ለተሠራ ቤት ደግሞ የላይኛው ጎረቤት አሸንዳ ውሃውን ወዴት እንደሚጥል ማየት ግድ ነው። በበጋ ባዶ የሆነ ቦይ በሐምሌ መሠረት ሥር የሚገባ ጎርፍ ነው።

በዚሁ በደጋው ስለሚደረግ አንድ ስሕተት ዝም ማለት አልችልም። በከተሞቹ ዳርቻ ከገበሬ ላይ ቤት ገዛሁ የሚል ሰው አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ይደነግጋል፤ የገጠር ይዞታም በሽያጭ አይተላለፍም። እዚያ የተገዛው ቤት ግድግዳው ቢጸናም መብቱ አይጸናም። እንዲህ ያለው የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ገዢው ካሳ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም። ያን ቤት የሸጠለት ሰው ትልቁን ጉድለት ደብቆታል።

ስለ ወረቀት ያነሣሁት ግን በአጭሩ ለማለፍ ነው፤ ምክንያቱም በወረቀት በኩል ሰዉ ነቅቷል። ካርታው የሻጩ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ በባንክ መያዣ እንዳልሆነ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም እንደፈረሙ፣ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ መስማማታቸውን መጠየቅ ተለምዷል። የተለመደው ብዙ ሰው ተጎድቶ ነው። አንዲት እህት ከዓመታት በኋላ ከውጭ አገር መጥታ ድርሻዬ ስትል የተበተኑ ትዳሮች አሉ። የሚያስቆጨኝ ግን በወረቀቱ ላይ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ገዢ ስለ ቤቱ አካል አንድ ቃል ሳያጽፍ መፈረሙ ነው። የተለመደውን የቤት ሽያጭ ውል አንሥታችሁ አንብቡ። የካርታ ቁጥር አለ፣ የካሬ ሜትር ልክ አለ፣ አዋሳኞች አሉ፣ የክፍያ ቀን አለ። ስለ ጣሪያው፣ ስለ መሠረቱ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ያለ ግንባታ ፈቃድ ስለተጨመረው ክፍል የሚል አንቀጽ የለም። ብዙ ጊዜ ያለው «ቤቱን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ነው። ይህች አንዲት መስመር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሻጩ መጀመሪያ የሚያነሣት ናት።

ጎንደር ሽያጭን በጥንቃቄ መጻፍ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በ18ኛው መቶ ዘመን ርስትና ቤት ሲሸጥ ሽያጩ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይመዘገብ ነበር። ዋጋው በወቄት ወርቅ ይጻፋል፤ ምስክሮቹ በስማቸው ይጠራሉ፤ ዋስ ይቆማል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ መንግሥት መሬትና ማኅበረሰብ በሚያትተው መጽሐፉ የተጠቀመው እነዚህን የጎንደር መዛግብት ነው። ያኔ ሽያጭ በአደባባይ ነበር፤ ዋጋውም ተደብቆ አይጻፍም ነበር። የዛሬው ሽያጭ በደላላ ጆሮ ውስጥ ተጀምሮ በሁለት ዋጋ የሚያልቅ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ተረቅቆ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዢው ዕቃውን በቶሎ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም በቶሎ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ክሱንም ካስታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። ገዢው የሚያውቀው ወይም ቸል ባይል ኖሮ የማይሰወረው ጉድለት ለሻጩ ኃላፊነት አያስከትልም። ሻጩ ግን ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከደበቀ፣ ከኃላፊነት ነፃ ነኝ የሚል የውል ቃል መጠለያ አይሆነውም። የእንግሊዝ የቆየው ልማድ «ገዢ ይጠንቀቅ» ብሎ ሸክሙን በገዢው ላይ ሲጥል፣ የእኛ ሕግ ከ1804ቱ የፈረንሳይ ሕግ በወረሰው መንገድ ስውር ጉድለትን በሻጩ ላይ ያደርገዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ሰዎች ለምን አይጠቀሙበትም? አንዱ ምክንያት ሽምግልና ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ገዢው ሽማግሌ ይልካል፤ ሻጩ «ክረምቱ ይለፍ» ይላል፤ ክረምቱ ያልፋል፤ «ከመስቀል በኋላ» ይላል። ሽምግልናን አልንቅም፤ ብዙ ነገር በሰላም የሚያልቅበት መንገድ ነው። ነገር ግን የሕጉ ጊዜ ሽማግሌ አይጠብቅም። ጉድለቱ በታየበት ሳምንት ቀን ያለው ደብዳቤ ጽፎ፣ ፎቶግራፍ አያይዞ፣ ሻጩ መቀበሉን አስፈርሞ፣ ቅጂውን አስቀምጦ፣ ከዚያ ሽማግሌ መላክ ይቻላል። ደብዳቤው ጠብ ማንሣት አይደለም።

ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያት ዋጋው ነው። ቤቱ የተሸጠው በሦስት ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ ውሉ ላይ የሚጻፈው ስምንት መቶ ሺህ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ሻጩ ከቤቱ ሽያጭ ባገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር አለበት፤ የቴምብር ቀረጥም አለ። ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ግምት የሚያስከፍል ቢሆንም፣ ዋጋ ማሳነስ ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ገዢው ስሙ ቶሎ እንዲዞርለት ይስማማል። አሁን መሠረቱ ተሰንጥቆ ውሉ ይፍረስልኝ፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ቢከስ የሚመለስለት የትኛው ገንዘብ ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 የጽሑፍ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ስለያዘው ስምምነት እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው ይላል። ሻጩ ወረቀቱን አሳይቶ «ስምንት መቶ ሺህ ነው የተቀበልሁ» ሲል ገዢው የሚያቀርበው የቃል ምስክር ሚዛን አያነሣም። ውሉ ቢፈርስ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይከስራል፤ ስለዚህ አይከስም። ሻጩም ይህን ያውቃል። የግብር ማሸሹ ጥቅም ለሻጩ ሆኖ፣ አደጋው በሙሉ በገዢው ላይ የወደቀበት ስምምነት ነው። ጉድለት ደብቆ መሸጥ በጎንደር የማያስጠይቅ ሆኖ የቆየበትን ዋና ምክንያት ብጠየቅ የምጠቁመው ይህን ነው።

ሻጭን ሁሉ አታላይ ማድረግ ግን ግፍ ነው። ብዙው ሻጭ ራሱ ከሌላ የገዛ ነው፤ የተቀበረውን ጉድጓድ አያውቅም፤ ሲሚንቶ ግርፉንም ቤቱን ይጠብቃል ብሎ አምኖ ያሠራው ነው። ሌላው የሚሸጠው ሕመም ወይም ችግር አስገድዶት ነው። ለእንዲህ ያለው ሻጭም ቢሆን የሚያውቀውን በጽሑፍ መናገር ይጠቅመዋል፤ የተነገረ ጉድለት በኋላ አያስከስሰውም። ደላላው ግን የሚከፈለው ውሉ በተፈረመ ቀን ነው፤ ሐምሌ ላይ የሚሆነው አያገባውም። ከደላላ የቤት ምርመራ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በውሉ ላይ የሚጨመር አንድ ገጽ ነው። ሻጩ ቤቱ መቼ በምን እንደተሠራ፣ ጣሪያው መቼ እንደታደሰ፣ የትኛው ግድግዳ ተሰንጥቆ እንደነበር፣ አሮጌና አዲስ ጉድጓዶች የት እንዳሉ፣ የትኛው ክፍል ያለ ፈቃድ እንደተጨመረ፣ በክረምት ውሃ በየት እንደሚገባ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ የማያውቀውንም አላውቅም ብሎ ይፈርማል። ውል የማዋዋል ሥልጣን ያላቸው ጽሕፈት ቤቶች ይህን ገጽ አዘጋጅተው ለተዋዋዮች ቢሰጡ ለመንግሥት የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሲቪል ምህንድስና ባለሙያዎችን ያስመርቃል፤ በግማሽ ቀን ቤት ፈትሸው ሁለት ገጽ ሪፖርት የሚሰጡ ወጣቶች ሥራ ሊሆናቸው ይችላል። ለመሐንዲስ አቅም የሌለው የታመነ ግንበኛ ይዞ ይሂድ።

ገዢው በበኩሉ ሁለት ነገር ላይ መጽናት አለበት። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፤ ሻጩ ግብሩን ፈርቶ እምቢ ካለ በግብሩ ላይ መደራደር ይሻላል እንጂ በዋጋው ላይ አይዋሽ። ከዋጋውም የተወሰነው፣ ተዋዋዮቹ የሚስማሙበት ያህል፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ሳይከፈል እንዲቆይና ክረምቱ ያሳየው ጉድለት ከዚያ እንዲታሰብ በውሉ ይግባ። ለጥሬ ገንዘብ የቸኮለ ሻጭ ይህን አይወድም። ቤቱን የሚያምነው ሻጭ ግን ለምን እምቢ እንደሚል አይገባኝም።

በዚህ በጋ ቤት ለመግዛት ገንዘብ ያዘጋጃችሁ አንባቢዎች አንድ ልመና አለኝ። የወደዳችሁትን ቤት ጎረቤት ቡና ጠጡ፤ በሩን ዘግታችሁ ክፍተቱን እዩ፤ ግድግዳውን ከወገብ እስከ ወለል አንኳኩ። ከቻላችሁ ቀብዱን ይዛችሁ እስከ ሐምሌ ታገሡና ዝናብ በሚዘንብበት ቀን፣ ሳትነግሩ ሂዱ። መታገሥ ካልቻላችሁ «አይቼና ወድጄ» የሚለውን መስመር ከውሉ አስወጡና የምትፈርሙበትን እውነተኛ ዋጋ አስጽፉ።